ኮከቡ አልጠራ ሲል፦ በቤት የተሠራ ቴሌስኮፕ ትኩረት የሚያጣው ለምንድን ነው?

በገዛ እጅ ቴሌስኮፕ መሥራት ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው። መስተዋቱን ራሱ ፈግፍጎ የሚያለሰልስ ሰው ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል። መስተዋቱን ገዝቶ ቀሪውን አካል በኮምፔንሳቶና በካርቶን ቱቦ የሚገጣጥመውም ቢሆን በርካታ የዕረፍት ቀናቱን ይሠዋል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በመጀመሪያው ጥርት ያለ ሌሊት መሣሪያው ወደ ሰማይ ሲቀና፣ በዓይን ሌንሱ ውስጥ የሚታየው ኮከብ ሳይሆን መሐሉ የጠቆረ የብርሃን ቀለበት ሊሆን ይችላል። ሌንሱ ወደ ውስጥ ቢገፋም ወደ ውጭ ቢሳብም ቀለበቱ ይጠባል፣ ይሰፋል እንጂ ወደ ነጥብ አይለወጥም።

በዚህ ጊዜ የብዙ ጀማሪዎች ጥርጣሬ በቀጥታ የሚያርፈው በዋናው መስተዋት ላይ ነው። አንዳንዱ መስተዋቱን እንደገና መፈግፈግ ይጀምራል፤ ሌላው ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይሁን እንጂ ቴሌስኮፕ ከነጭራሹ ወደ ትኩረት አልመጣ ሲል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመስተዋቱ ጥራት ሳይሆን የርቀት ስሌት ነው። ርቀት ደግሞ በሜትር ተለክቶ፣ ሁለት ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ተበስተው የሚታረም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደህናውን መስተዋት ከማበላሸት በፊት ችግሩ ከየት እንደመጣ በቅደም ተከተል መለየት ይገባል።

ብርሃኑ የሚጓዝበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1668 አይዛክ ኒውተን የሠራው ባለመስተዋት ቴሌስኮፕ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ ትንሽ መሣሪያ ነበር። ዛሬም በቤት ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ቴሌስኮፖች የእርሱን ንድፍ ይከተላሉ። በትልቁ ቱቦ ግርጌ ስርጉድ የሆነው ዋናው መስተዋት ይቀመጣል። ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን በዚህ መስተዋት ላይ አርፎ ወደ ላይ ሲመለስ ጫፉ እየሾለ እንደሚሄድ ሾጣጣ ይጠብባል። ወደ ቱቦው አፍ ቀረብ ብሎ በ45 ዲግሪ ያጋደለው ትንሹ ጠፍጣፋ መስተዋት ብርሃኑን ተቀብሎ በቱቦው ጎን ወዳለው ቀዳዳ ያወጣዋል።

ሾጣጣው ወደ ጫፉ የሚደርስበት ቦታ የትኩረት ነጥብ ወይም ፎከስ ይባላል። ከዋናው መስተዋት እስከዚህ ነጥብ ብርሃኑ የሚጓዘው መንገድ የትኩረት ርቀት ነው። የዓይን ሌንሱ ሥራ በዚህ ነጥብ ላይ የተፈጠረውን ምስል እንደ ማጉያ መነጽር አጉልቶ ማሳየት ብቻ ነው። ሌንሱን የያዘው ተንሸራታች ቱቦ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀሰውም ሌንሱን ከዚሁ ነጥብ ጋር ለማገናኘት ነው። ነጥቡ ከተንሸራታቹ ቱቦ የእንቅስቃሴ ክልል ውጭ ከሆነ ግን፣ መስተዋቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጥርት ያለ ኮከብ ማየት አይቻልም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ምርመራው ዝቅተኛ ማጉላት ባለው የዓይን ሌንስ፣ ለምሳሌ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ይጀመር። መሣሪያውን ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ ያቅኑና ተንሸራታቹን ቱቦ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። ከሦስት ነገሮች አንዱን ያያሉ።

የብርሃኑ ክብ ወደ ውስጥ በገፉት ቁጥር እየጠበበ ሄዶ፣ ነጥብ ሳይሆን ቱቦው ከቆመ የትኩረት ነጥቡ ከሌንሱ ይልቅ ወደ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ወደ ውጭ በሳቡት ቁጥር እየጠበበ ሄዶ መንገዱ ካለቀ ነጥቡ ወደ ውጭ ርቋል። ክቡ በመሐል መንገድ ላይ በጣም ከጠበበ በኋላ እንደገና መስፋት ከጀመረ ግን ትኩረቱ ተገኝቷል። በዚህ ሦስተኛ ሁኔታ ኮከቡ በጠበበበት ቦታም ቢሆን ካልጠራ ችግሩ የርቀት ሳይሆን የምስል ጥራት ነው፤ ምርመራውም የተለየ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ብሎን መፍታትና ማጥበቅ መጀመር በአንድ ስሕተት ላይ ሌላ መጨመር ይሆናል።

ነጥቡ ከክልሉ ውጭ ሲሆን

ነጥቡ ወደ ውጭ ከራቀ መፍትሔው ቀላል ነው። የዓይን ሌንሱን ከማቀፊያው በጥቂቱ ወደ ውጭ ሳብ አድርገው በእጅዎ ይዘው ይመልከቱ። ኮከቡ ከጠራ የሚያስፈልገው አጭር ማራዘሚያ ቱቦ ብቻ ነው።

በቤት በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው ነጥቡ ወደ ውስጥ ሲቀር ነው። ይህን ለማረም በመጀመሪያ የመስተዋቱን እውነተኛ የትኩረት ርቀት ማወቅ ያስፈልጋል። በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ወይም በሥራው መጀመሪያ የታቀደው ቁጥር ከእውነተኛው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊለይ ይችላል።

ልኬቱን በቤት ውስጥ መውሰድ ይቻላል። ዋናውን መስተዋት በጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። በፊት ለፊቱ ትንሽ አምፖል ይያዙ፤ ከአምፖሉ ጎን ነጭ ወረቀት ያድርጉ። ከመስተዋቱ እየራቁ ሲሄዱ የአምፖሉ ምስል በወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ያገኛሉ። አምፖሉና ወረቀቱ ከመስተዋቱ እኩል ርቀው ሳለ ምስሉ ከጠራ፣ ከመስተዋቱ ፊት እስከዚያ ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ እጥፍ ነው። በሜትር ለክተው ለሁለት ያካፍሉ። ይህን ልኬት በፀሐይ ለመውሰድ ፈጽሞ አይሞክሩ። በመስተዋቱ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ወረቀት ያነድዳል፤ ዓይንንም በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። የመስተዋቱ ስፋት 150 ሚሊ ሜትር፣ የታቀደው የትኩረት ርቀት 1,200 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከትንሹ መስተዋት መሐል እስከ ትልቁ ቱቦ ውጫዊ ገጽ 95 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ተንሸራታቹ ቱቦ እስከ መጨረሻው ሲገባ ከዚያ ገጽ በላይ 60 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የትኩረት ነጥቡ ከዚህ ዝቅተኛ ከፍታ 15 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ እንዲገኝ ተፈልጓል። የሦስቱ ድምር 170 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስተዋቶች 1,030 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ 1,030 እና 170 ሲደመሩ 1,200 ይሆናሉና።

ሆኖም መስተዋቱ ሲለካ የትኩረት ርቀቱ 1,170 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ እንበል። ልዩነቱ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ነጥቡ በዚያው መጠን ወደ ውስጥ ስለሚቀር፣ 15 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለቱ ቀርቶ ተንሸራታቹ ቱቦ ሊደርስ ከሚችልበት ቦታ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ኮከቡም ምንጊዜም ቀለበት ሆኖ ይታያል።

መፍትሔው ዋናውን መስተዋት ወደ ቱቦው አፍ 30 ሚሊ ሜትር ማስጠጋት ነው። መስተዋቱ በተጠጋ መጠን የትኩረት ነጥቡ በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። ለዚህ ቱቦውን በመጋዝ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የመስተዋቱን ማቀፊያ የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡባቸውን አዳዲስ ቀዳዳዎች ከፍ አድርጎ መብሳት ይበቃል። ይሁንና ትንሹ መስተዋት ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል የሚበቃ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በዚህ ምሳሌ የብርሃኑ ሾጣጣ ትንሹን መስተዋት ሲያገኝ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ስለዚህ አጭሩ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ መስተዋት በቂ ትርፍ አለው።

ከመብሳትዎ በፊት በጨረቃ ያረጋግጡ። የዓይን ሌንሱን አውጥተው ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት በተንሸራታቹ ቱቦ አፍ ላይ ይወጥሩ። የጨረቃ ምስል በወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ የትኩረት ነጥቡ ራሱ ነው። በየትኛውም ቦታ ካልጠራ ተንሸራታቹን ቱቦ ነቅለው ወረቀቱን በቀዳዳው አካባቢ ወደ ውስጥ እያስጠጉ ይፈልጉ። ስሌትዎና የጨረቃ ምስል ተመሳሳይ ቦታ ካመለከቱ በልበ ሙሉነት መብሳት ይችላሉ።

15 ሚሊ ሜትር ትርፍ የተተወበትም ምክንያት አለ። ሁሉም የዓይን ሌንሶች በአንድ ቦታ አይጠሩም። በተጨማሪም ቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው መነጽሩን አውልቆ ሲመለከት ሌንሱን ወደ ውስጥ መግፋት ይኖርበታል። መነጽሩ የመቀነስ 4 ቁጥር የሆነ ሰው በባለ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል መግፋት ያስፈልገዋል። በቤተሰብ ውስጥ አባት ጥርት አድርጎ ያየውን ልጁ «ደብዝዞብኛል» ቢል ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀን የጠራው ሌሊት ለምን ይደበዝዛል?

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ሁኔታ አለ። ሠሪው መሣሪያውን በቀን ወደ ሩቅ ሕንፃ አነጣጥሮ ይሞክረዋል፤ የመስኮቱ ክፈፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታየዋል። በዚያው ሌሊት ግን ኮከቦቹ አልጠራ ይሉታል። መስተዋቱ በሰዓታት ውስጥ አልተበላሸም። ምክንያቱ የሕንፃው ቅርበት ነው።

ኮከብ እጅግ ሩቅ በመሆኑ ብርሃኑ ወደ መስተዋቱ የሚደርሰው ትይዩ ሆኖ ነው። ከቅርብ ነገር የሚመጣ ብርሃን ግን እየተበተነ ስለሚደርስ ምስሉ የሚፈጠረው ከኮከብ ምስል ይልቅ ወደ ውጭ ርቆ ነው። የትኩረት ርቀቱ 1,200 ሚሊ ሜትር በሆነ መስተዋት በ100 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሕንፃ ከኮከብ ይልቅ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ይጠራል። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር ግን ልዩነቱ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን ሕንፃ መለኪያ አድርጎ የተንሸራታቹን ቱቦ ቦታ የወሰነ ሰው፣ ለኮከብ የሚያስፈልገውን 15 ሚሊ ሜትር ሳያውቅ ያጣዋል። የመጨረሻው ፈተና ምንጊዜም በጨረቃ ወይም በኮከብ መሆን አለበት።

ካሜራ ሲገጠም

በዓይን ጥሩ የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ካሜራ ሲገጠምለት ትኩረት ማጣቱም የርቀት ጉዳይ ነው። ሌንሱ የተነቀለ ካሜራ ምስል የሚቀበለው ክፍል ከፊቱ ገባ ብሎ ይገኛል። ይህ ርቀት የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በሚቀበሉ ካሜራዎች 44 ሚሊ ሜትር፣ የኒኮን ኤፍ ሌንስ በሚቀበሉት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለዓይን ብቻ የተሠራ ቴሌስኮፕ የትኩረት ነጥቡን ይህን ያህል ወደ ውጭ አያወጣም። ውስጣዊ መስተዋት የሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች የተሻሉ ናቸው፤ የሶኒ ኢ ዓይነት 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ይፈልጋል።

ዋናውን መስተዋት ማስጠጋት ካልፈለጉ ባርሎው ሌንስ የተባለውን ተጨማሪ ሌንስ በመካከል ማስገባት ይቻላል። ይህ ሌንስ የትኩረት ነጥቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በምትኩ ምስሉን ያጎላዋል፣ ብርሃኑንም ያደበዝዘዋል። የጨረቃን ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን የእጅ ስልኩን በዓይን ሌንሱ ላይ ማስጠጋት ይበቃዋል። ስልኩ በዓይን ቦታ ስለሚቆም የርቀት ችግር አይገጥመውም።

ትኩረቱ ተገኝቶ ምስሉ ካልጠራ

ኮከቡ በመሐል መንገድ ጠቦ ነገር ግን አልጠራ ካለ ምርመራው ከአየሩ ይጀምር። ምስሉ እንደሚፈላ ውኃ የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋቱ የሙቀት ነው። በክረምት ከሚኒሶታ ወይም ከስቶክሆልም ሞቃት ቤት ወደ ደጅ የወጣ መስተዋት እስኪቀዘቅዝ ድረስ በፊቱ ያለውን አየር ያሞቃል፤ ያ አየር ምስሉን ያውከዋል። አንድ ሰዓት ያህል፣ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ደጅ ይቆይ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳርቻ ችግሩ ይገለበጣል። ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ ሌሊት የወጣ መስተዋት ላብ ያወጣል። ጉሙን በጨርቅ አይጥረጉት፤ መስተዋቱ ሲሞቅ ራሱ ይጠፋል። በፎቅ ቤት የሚኖሩ ደግሞ በተዘጋ መስኮት ውስጥ አይመልከቱ፤ የመስኮት መስታወት ለዚህ ተብሎ የተስተካከለ ስላልሆነ ምስሉን ያበላሻል። መስኮቱን መክፈትም አይበጅም፤ የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር የሚቀላቀለው እዚያው ነውና።

ቀጥሎ የመስተዋቶቹ አሰላለፍ ይፈተሽ። ኮከቡ ጭራ ያለው መስሎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተዘረጋ መስተዋቶቹ አልተሰለፉም። በዋናው መስተዋት መሐል ትንሽ የቀለበት ተለጣፊ ያድርጉ፤ መሐሉ በትንሹ መስተዋት ጥላ ሥር ስለሆነ ጉዳት የለውም። በዓይን ሌንሱ ቦታ መሐሉ የተበሳ ክዳን ይግጠሙና በቀዳዳው ይመልከቱ። መጀመሪያ በትንሹ መስተዋት ብሎኖች ተለጣፊውን ወደ መሐል ያምጡ። ከዚያም የዋናውን መስተዋት ብሎኖች እያዞሩ የትንሹን መስተዋት ምስል ከተለጣፊው ጋር ያገናኙ።

ሦስተኛው የማቀፊያው ጥብቀት ነው። ከትኩረት ትንሽ ወጣ ሲል ክብ መሆን የነበረበት ኮከብ ሦስት ማዕዘን ከሆነ፣ ሦስቱ መያዣዎች መስተዋቱን አንቀው ይዘውታል። በመያዣውና በመስተዋቱ መካከል ስስ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዉ።

አራተኛው አስቲግማቲዝም ነው። ምልክቱ ከትኩረት በፊት በአንድ አቅጣጫ የረዘመው ኮከብ ትኩረቱን ሲያልፍ በተቃራኒው አቅጣጫ መርዘሙ ነው። ጥፋተኛውን ለማግኘት በየተራ ማዞር ይበቃል። ጭንቅላትዎን ሲያዘነብሉ ርዝመቱም አብሮ ከዞረ ችግሩ የዓይንዎ ነው፤ የዓይን ሌንሱን ሲያዞሩ ከዞረ የሌንሱ ነው፤ ዋናውን መስተዋት በማቀፊያው ውስጥ ሲያዞሩ ከዞረ የመስተዋቱ ነው።

ለዚህ ፈተና የሰሜን ኮከብ ተመራጭ ነው፤ ከቦታው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ተረጋግተው ያዩታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከፍ ብሎ ይታያል። በአዲስ አበባ ሰማይ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ጭጋጉና ወፍራሙ አየር ያደበዝዙታል። ስለዚህ እዚያ ከራስ በላይ ያለ ኮከብ መምረጥ ይሻላል።

መስተዋቱ በመጨረሻ ይጠየቅ

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ችግሩ ካልጠፋ የመስተዋቱን ቅርጽ መመርመር ተገቢ ይሆናል። መስተዋቱ የሉል ቁራጭ ሳይሆን ፓራቦላ መሆን ይኖርበታል። በምሳሌያችን ባለው 150 በ1,200 ሚሊ ሜትር መስተዋት በሁለቱ ቅርጾች መካከል ያለው ልዩነት በጠርዙ ላይ የአንድ ማይክሮን ሲሶ እንኳ አይሞላም። የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ልዩነቱ ወደ 1.2 ማይክሮን ያድጋል። ለጀማሪ ረጅም የትኩረት ርቀት የሚመከረው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ በ1850ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው ፈተና ይህን ያህል ጥቃቅን ስሕተት በአንድ ትንሽ መብራትና በአንድ ምላጭ ያሳያል፤ እስከ ዛሬም በቤት ሠሪዎች ዘንድ ይሠራበታል።

መስተዋትን በአንድ ልኬት ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ የተላከው ይህ መሣሪያ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋቱ በጠርዙ 2.2 ማይክሮን ያህል ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ቅርጹ በጥንቃቄ የተለሰለሰ ነበር፤ ነገር ግን የተለሰለሰው በተሳሳተ መለኪያ ነው። በመለኪያ መሣሪያው ውስጥ የነበረ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ተገጥሟል። ሌሎች ቀለል ያሉ ፈተናዎች ስሕተቱን አመልክተው ነበር፤ ሆኖም ዋናው መለኪያ ይበልጥ ስለታመነ ምልክታቸው ችላ ተባለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 የጠፈር ተጓዦች ማስተካከያ መሣሪያዎችን ገጥመው እይታውን መለሱለት።

በቤት የሚሠራ ሰው ግን ማስተካከያው በደጁ ነው። የትኩረት ርቀቱን በአምፖልም በጨረቃም ይለካ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ምክንያቱን ሳያውቅ መጋዝም መሰርሰሪያም አያንሣ። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ ርቀት፣ ሙቀት፣ አሰላለፍ፣ ማቀፊያ፣ የዓይን ሌንስና ዓይን፤ መስተዋቱ በመጨረሻ። በየደረጃው ያየውን በማስታወሻ ይመዝግብ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥ። ያ የብርሃን ቀለበት ወደ ነጥብ ሲሰበሰብ በዚያው የዓይን ሌንስ የጁፒተር አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎች እንደ ጥቃቅን ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ።